ሰኔ ሠላሳ የሚዘጉ ሁለት መዛግብት

ሰኔ 30 ሲደርስ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት መዛግብት በአንድ ቀን ይዘጋሉ። አንደኛው ልጆች ተሽቀዳድመው የሚቀበሉት የውጤት ካርድ ነው፤ ሁለተኛው ማንም የማይሽቀዳደምለት የሒሳብ መዝገብ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያበቃ፣ ልጆች ካርዳቸውን ይዘው ወደ ቤት በሚሮጡበት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ የዓመቱን የመጨረሻ ደረሰኞች እያያያዘች ትገኛለች። እኔ ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ የገፋሁ ሰው ነኝ። ሆኖም የሁለቱን መዛግብት በአንድ ቀን መዘጋት ከቁም ነገር የቆጠርኩት፣ ሁለተኛዋ ልጄ በምትማርበት ደሴ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ወላጆች በተለምዶ ወተመህ ለምንለው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባልነት ከመረጡኝ በኋላ ነው።

የዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ እንደ ወሎ ወግ በምርቃት ተጀመረ። አንድ ሼህና አንድ ቄስ ተራ በተራ ተነሥተው ልጆቹንም መምህራኑንም መረቁ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርታቸውን ማንበብ ጀመሩ። የተመዘገቡ፣ ያቋረጡና የተዛወሩ ተማሪዎች ቁጥር በክፍልና በጾታ ተለይቶ ተነበበ፤ ከየክፍሉ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡ ልጆችም ደብተርና እስክሪብቶ ተሸለሙ። ሪፖርቱ ወደ ሒሳቡ ሲሻገር ጠዋት በጦሳ ተራራ ላይ ተኝቶ የነበረው ጉም ወደ ከባድ ዝናብ ተለወጠና የቆርቆሮው ጣሪያ ጩኸት ድምፅ ማጉያውን ዋጠው። ርዕሰ መምህሩ ማንበባቸውን ቀጠሉ፤ እኛም የሰማን መስለን ተቀመጥን። ሲጨርሱ ተጨበጨበ። አንድም ወላጅ ያልሰማሁት አለ ብሎ አልጠየቀም፤ እውነቱን ለመናገር ባለፉት ዓመታት እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳው ላይ ስንጠብቅ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ካርድ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ እስቲ እየው፣ ምን ይላል?» አሉኝ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ስለነበር፣ «እማማ፣ እሱ ራሱ ያንብብልዎት እንጂ፤ ሦስተኛ ክፍልን ጨረሰ አይደለም እንዴ?» ብዬ ካርዱን ወደ እርሱ አዞርኩት። ልጁ ጣቱን በሰማያዊ እስክሪብቶ በተጻፈው የመጨረሻ መስመር ላይ አሳረፈ። «ተ» አለ። ቆየት ብሎ «ዛ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። ቃሉ «ተዛውሯል» የሚል ነበር።

ልብ በሉ፤ በሪፖርቱ ውስጥ የተጻፈ ውሸት የለም። ልጁ በእርግጥ ተዛውሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተግባራዊ ከሆነ ጀምሮ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታገዙ ሳይደግሙ እንዲያልፉ ሲደረግ ቆይቷል። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ሕፃን ልጅ በሰባት ዓመቱ ወደቀ ተብሎ ከትምህርት ገበታ እንዳይርቅ የታሰበ ነው። ችግሩ ተከታታይ ምዘናው ልጁን የሚያግዝ ሳይሆን ማርክ የሚሞላ ሲሆን ነው፤ አንድ መምህር ከአቅሙ በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ ቁጭ ብሎ ሊያዳምጥ አይችልም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የታችኛው ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግም ከዘለቀ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የሚፈተነው በ2012 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ መደረግ ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከመቶ ተፈታኞች ዘጠና ሁለት ያህሉ ያላለፉበት ዓመት የተሻለ የሚባል መሆኑ የት እንዳለን ይነግራል። ሰው ስለ እነዚህ አኃዞች ሲናገር ነገሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የተበላሸ ይመስለዋል። እኔ ግን ያ ልጅ «ዛ» ካለ በኋላ የተወው ፊደል ትዝ ይለኛል።

እዚህ ላይ የቀን ጉዳይ አለ። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ እኛ ዛሬም ሚኒስትሪ የምንለው፣ ውጤቱ የሚታወቀው ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ደግሞ ዘመን መለወጫ አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ሰኔ 30 የሚነበበው ሪፖርት የያዘው ትምህርት ቤቱ ራሱ አስተምሮ፣ ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ ያረመውን ውጤት ብቻ ነው። ከውጭ የታረመው ውጤት ሲመጣ ለመስማት የሚሰበሰብ ወላጅ የለም፤ እያንዳንዱ የልጁን መለያ ቁጥር ስልኩ ላይ አስገብቶ ያያል፣ ይደሰታል ወይም ያዝናል፣ በዚሁ ያበቃል። በሒሳብ ሥራ ውስጥ ይህ ቢሆን ኦዲተሩ ከመምጣቱ በፊት ሒሳቡን አጽድቆ እንደ መበተን ይቆጠር ነበር።

ስለዚህ ከስብሰባው ማግስት የሒሳብ መዝገቡን ለማየት ጠየቅሁ። የወተመህ አባል የመጠየቅ መብት ስላለው ርዕሰ መምህሩ ሳያንገራግሩ ፈቀዱልኝ፤ እንዲያውም እስካሁን የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ ነገሩኝ።

የአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገንዘብ ከሚታሰበው በላይ ጥቂት ነው። ትልቁ ወጪ የመምህራን ደመወዝ ሲሆን ይህ ከከተማው አስተዳደር በጀት በቀጥታ የሚከፈል ነው። በትምህርት ቤቱ እጅ የሚገባው በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚመጣው ድጎማ፣ መጠነኛ የሥራ ማስኬጃ፣ ከግቢው ሣር ሽያጭና ከሻይ ክበቡ ኪራይ የሚገኝ የውስጥ ገቢ፣ እንዲሁም የወላጆች መዋጮ ነው። መዋጮው በፈቃደኝነት እንደሆነ ይነገራል፤ ምዝገባ ላይ ደረሰኙን ሳይዝ የመጣ ወላጅ ግን ፈቃደኝነቱ ምን ያህል እንደሆነ ያውቀዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የወረቀትና የቀለም ዋጋ ስለናረ፣ በተማሪ ጥቂት አሥር ብሮች ሆኖ የሚሰላው ድጎማ ከበፊቱ ያነሰ ነገር ይገዛል።

መዝገቡን ሳገላብጥ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የግዥዎቹ ቀን ነበር። ዓመቱን ሙሉ ባዶ የሚመስለው ገጽ ሰኔ ላይ ይጨናነቃል፤ ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የጽዳት ዕቃ፣ የአጥር ቀለም በተከታታይ ቀናት ይገዛል። ምክንያቱን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ከግምጃ ቤት የተመደበ በጀት ሥራ ላይ ሳይውል ሰኔ 30 ካለፈ ተመላሽ ይሆናል፤ የገንዘቡ መለቀቅ ሲዘገይና የሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ እስኪሰበሰብ ወራት ሲነጉዱ፣ ትምህርት ቤቱ ያለው ምርጫ ወይ በጥድፊያ መግዛት ወይ ገንዘቡን ማጣት ነው። እኔም ብሆን እገዛ ነበር። ይሁን እንጂ ጥር ላይ ጠመኔ አልቆ መምህራን በራሳቸው ገንዘብ የገዙበት ዓመት፣ ሰኔ ላይ ጠመኔ በካርቶን ተገዝቶ ሲጠናቀቅ ማየት ያሳዝናል። ጠመኔውስ ለመስከረም ይቆያል። የማይቆየው የልጆቹ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ አስገረመኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በድጎማው ለታችኛው ክፍሎች የሚሆኑ ማጣቀሻና የተረት መጻሕፍት ተገዝተዋል። ወደ ንብረት ክፍል የገቡበት ሞዴል 19 በሥርዓቱ ተቆርጧል፤ ወጪ የሆኑበትን ሞዴል 22 ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል ከጀመረ ወዲህ የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት ምን እንደሚመስል ወላጅ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ራሴ ለልጄ ከቴሌግራም የወረደ መጽሐፍ ፒያሳ ወርጄ ገጽ በገጽ አስትሜያለሁ። ስለዚህ መጻሕፍቱ የት እንዳሉ ለመጠየቅ ወደ ንብረት ክፍሉ ሄድኩ።

ኃላፊው ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው። ሁለት ቁልፍ ከፍተው አስገቡኝ፤ መጻሕፍቱ ከነካርቶናቸው፣ ፕላስተራቸው እንኳ ሳይነሳ፣ ከአሮጌ ዴስክ እግሮች ጀርባ ተደርድረዋል። «ጋሼ፣ ለምን አልወጡም?» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ወንድሜ፣ መጽሐፉ ከወጣና ከጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ እዚህ ከተቀመጠ ግን ማንም አይጠይቀኝም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም በሙያዬ ሰዎችን ሳስተምር የኖርኩት ይህንኑ ነው። ቆጠራ ሲደረግ መዝገብና ዕቃ እኩል ከሆኑ ንብረት ያዡ ነጻ ነው። ዕቃው የተገዛበትን ሥራ መሥራት አለመሥራቱን የሚጠይቅ ቅጽ የለንም።

የእኚህን ሰው ፍርሃት እንድረዳ ያደረገኝ ሌላም ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን የተፈናቀሉ ወገኖች በከተማችን ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር፤ ከዚያ በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ በዚያው ሁኔታ ቆዩ። የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ተመልሰው ግቢውን ሲከፍቱ ከዴስኮቹ ብዙዎቹ ለማገዶ ውለው፣ ኮምፒውተሮቹ ተወስደው፣ የንብረት መዝገቡ ቅጠሎች በጭቃ ተረግጠው አገኙ። ኃላፊው የዳነውን ወረቀት በብረት ምጣድ ላይ አድርቀው፣ የጎደለውን በትዝታቸው እየሞሉ መዝገቡን እንደገና ጻፉት። የጠፋው በእርሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ ለማስረዳት ግን ወራት ፈጅቶባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ካርቶኑን ባይከፍት ልፈርድበት አልችልም።

በሐምሌ መጀመሪያ የወተመህ ኮሚቴ ስንሰበሰብ ሦስት ነገር ይዤ ቀረብኩ። የመጀመሪያው የክልላዊ ፈተናው ውጤት ከታወቀ በኋላ፣ መስከረም ላይ ከመስቀል በዓል ቀጥሎ፣ ሁለተኛ የወላጆች ስብሰባ እንዲጠራና ሒሳቡና ውጤቱ ጎን ለጎን እንዲነበቡ ነው፤ ያለ ክርክር አለፈ። የግዥ ዕቅዱ ጥቅምት ላይ ተዘጋጅቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ የጠየቅሁት በከፊል ነው የተሳካልኝ፤ ርዕሰ መምህሩ ዕቅድ መለጠፍ ይቻላል፣ ገንዘቡ መቼ እንደሚለቀቅ ግን እኔ አልወስንም አሉ፤ ልክ ናቸው። ረጅሙ ክርክር በሦስተኛው ላይ ነበር። መጻሕፍቱ ለክረምት ንባብ ለልጆች እንዲሰጡ፣ በንባብ ብዛት ያረጀና የጠፋ ቢኖር በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ተረጋግጦ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ለሚመለከተው ክፍል እንዲቀርብ፣ ንብረት ያዡም በግል እንዳይጠየቁ ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ አባል ልጆቹ ይቀዷቸዋል አሉ። አንዲት መምህርት፣ «የተቀደደ መጽሐፍ ቢያንስ ተከፍቷል» ብለው መለሱ። ድምፅ ሰጠን፤ አለፈ። ሁሉም ፈረሙ፤ ኃላፊው ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አንብበው የራሳቸውን ቅጂ ኪሳቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ ፈረሙ።

መጻሕፍቱ የወጡት ሐሙስ ቀን ነው። ተራ ደብተር አስምረን የልጁን ስም፣ የመጽሐፉን ርዕስ፣ የወሰደበትንና የሚመልስበትን ቀን፣ የወላጅ ፊርማ ብለን ከፋፈልነው። ያ «ዛ» ላይ የቆመው ልጅ ከአያቱ ጋር መጣ፤ ሥዕል የበዛበትን ቀጭን መጽሐፍ መረጠና አያቱ በጣት አሻራቸው ፈረሙለት። መጽሐፉን ሲቀበለኝ ሽፋኑ በአሮጌ ጋዜጣ መለበዱን አስተዋልኩ፤ የሌሎቹንም አየሁ፤ አንድም ሳይቀር ተለብደዋል። ኃላፊው ሌሊቱን ቁጭ ብለው ብቻቸውን ነው የለበዷቸው።