«ለቀቀኝ»

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ምሽት ላይ ከደረሰኝ አጭር መልእክት አንዲት ቃል ጆሮዬ ላይ ቀርታለች፦ «ለቀቀኝ»። ሲጠዘጥዝ የከረመ ጥርስ፣ ድንገት ጸጥ። እሰይ ማለት ነበረብኝ፤ ከአፌ አልወጣልኝም።

ሕመም «ያዘኝ»፣ «ለቀቀኝ» እንላለን፤ እጅ እንዳለው ሁሉ። እጁን ካነሣ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ጥርስ ግን በሁለት መንገድ ይለቃል፦ ቁጣው በርዶለት፣ ወይም ሕመሙን የሚናገረው ነርቭ ሞቶ። ቀናት ሙሉ ሲያሰቃይ ከርሞ፣ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ጸጥ ያለ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ መሃሉ ላይ ደም ሥርና ነርቭ የሞላበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ሌላ ቦታ ሥጋ ሲያብጥ ቆዳው ይለጠጥለታል። ጥርስ ውስጥ ያበጠ ሥጋ መሄጃ የለውም፤ ግድግዳው አይላወስም፣ ደም የሚገባው በሥሩ ጫፍ ባለች እንደ ፀጉር በቀጠነች ቀዳዳ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ከልብ ምት ጋር ትር ትር ይላል፤ ጋደም ሲሉ ደም ወደ ጭንቅላት ስለሚበዛ ይብሳል። ሌሊት የሚቀሰቅሰው ለዚህ ነው።

ከጸጥታው በፊት የሚመጡት ምልክቶች ቅደም ተከተል አላቸው። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ነዝሮ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚተው ከሆነ ሥጋው ገና በሕይወት አለ፤ የተቦረቦረውን ማስሞላት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ውኃው ከተዋጠ በኋላ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ መጠዝጠዙን ከቀጠለ ግን ሥጋው ከመዳን አልፏል። ቀጥሎ ትኩስ ነገር ያስጮኸዋል፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ያስታግሰዋል። በዚህ ወቅት ሰው የታመመውን ጥርስ በትክክል አያውቀውም፤ ጆሮውን ይይዛል፣ የላዩን መንጋጋ ያሳያል፣ ጥፋተኛው ግን ታች ነው።

ከዚያ ይለቃል። ቀዝቃዛውም ትኩሱም አይሰማውም። በቡርቡሩ የገባው ባክቴሪያ ግን የሞተውን ሥጋ እየበላ በሥሩ ጫፍ ወደ አጥንቱ ይወጣል። ይህ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ወራትም። ሲደርስ ሕመሙ መልኩን ለውጦ ይመለሳል፦ ጥርሱ ከጎረቤቶቹ የረዘመ ይመስላል፣ አፍ ሲገጠም ቀድሞ ይነካል፣ በማንኪያ እጀታ ቀስ ብለው መታ ሲያደርጉት ያስደነግጣል። አሁን ሰውየው በአንድ ጣት «ይቺ ናት» ይላል፤ ሥሩን ከአጥንት ጋር የያዘው ጅማት ቦታውን ለይቶ ያውቃልና።

በጣም የምፈራት ግን ያቺን ድድ ላይ የምትወጣ ብጉር ነው። ከሥሩ ጫፍ ትይዩ፣ የምስር ፍሬ የምታክል፣ አናቷ ነጣ ያለ። ስትፈነዳ ጨው ጨው የሚልና የሚከረፋ ፈሳሽ አፍ ውስጥ ይገባል፤ ወዲያው ቀለል ይላል። ትጠፋለች፣ ከሳምንታት በኋላ እዚያው ትመለሳለች። መግሉ መውጫ ስላገኘ አያምም፤ ስለማያምም ሰው ዓመት ሙሉ ይዟት ይዞራል።

መውጫ ያላገኘ መግል ደግሞ ይስፋፋል። ጉንጭ ያብጣል፣ ከመንጋጋ ሥር ንፍፊት ይወጣል፣ ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ያልፋል። እዚህ ሲደርስ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። አፉን ከፍቶ ሦስት ጣቱን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ ማስገባት ያቃተው፣ ምራቁን መዋጥ ተስኖት ለሀጩ የሚወርድ፣ ድምፁ የታፈነ፣ ከምላሱ ሥር ያለው ወለል አብጦ ምላሱን ወደ ላይ የገፋበት ሰው የጥርስ ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የገለጸው፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራው እብጠት ይህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከታችኛው ሁለተኛና ሦስተኛ መንጋጋ ጥርስ ይነሣል፣ የሚዘጋውም የአየር ቧንቧን ነው። ከላይኛው ክራንቻ የተነሣ እብጠት ደግሞ ወደ ዓይን ይወጣል፤ ዓይን ከተሸፈነ ወይም ማየት ከተዛባ እሱም ድንገተኛ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ይሂድ።

በአሞክሳሲሊን ብቻ የሚገፉት ያሳዝኑኛል። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይገባም። እብጠቱን ጋብ ያደርገዋል፣ ምንጩ ግን እዚያው አለ። ምንጩ የሚደርቀው ሥሩ ተጠርጎ ሲሞላ ወይም ጥርሱ ሲነቀል ነው። እስከዚያ ለብዙ አዋቂ ሰው 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከ1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ጋር ያስታግሳል፤ ፓራሲታሞሉ በ24 ሰዓት ከ4000 እንዳያልፍ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርም አይቡፕሮፌኑን ይተዉት። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥም ይረዳል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ሥጋውን ያቃጥላል፤ እብጠቱን በመርፌ መውጋትም አይሆንም።

ይህን ስጽፍ አእምሮዬ ወደ ልጆች ሄደ። ልጅ ወድቆ ፊት ለፊት ያለው ጥርሱ ከተመታ በኋላ ቀስ እያለ ግራጫ ይሆናል። ወይም በአንድ ጎኑ ብቻ ማኘክ ይጀምራል፣ ጥርሱን ሲቦርሹለት ይሸሻል፣ ድዱ ላይ ያቺ ብጉር ትወጣለች። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ይባላል፤ ከሥሩ ግን ቋሚው ጥርስ እየተሠራ ነው፣ መግሉም ይደርስበታል። ልጁ ደግሞ «ያዘኝ» ብሎ በቅጡ አይናገርም፤ ማልቀሱን ሲተው ቤቱ ሁሉ እፎይ ይላል። ያን ጊዜ፣ ሁሉም ደስ ባለው ሰዓት፣ ከንፈሩን ገልጦ የሚያይለት ማን ነው?