አታነካኳት

ትናንት ማታም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሙቀቱ ይሁን ሐሳቡ እንጃ። እዚህ ድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ዛፎች እንኳ ቅጠል አያነቃንቁም ነበር።

እሑድ ወደ ሐረር ስወጣ ኮሮላዋ ደንገጎ ዳገት ላይ ደከመችብኝ። ቤንዚን ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን ፈቀቅ አትልም። ለነገሩ ምልክቱን ካሳየችኝ ቆይታለች። ጠዋት ጠዋት ማርሹን ዲ ላይ ሳደርገው ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም ትልና ድንገት ገፍተር አድርጋኝ ትነሳለች። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ያኔውኑ የካምቢዮ ዘይቷን ማየት ነበረብኝ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲያንሰው ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች አጥብቀው መያዝ ያቅታቸውና ይንሸራተታሉ፣ ሲንሸራተቱ ይግላሉ፣ ዘይቱንም ያቃጥሉታል።

መካኒኩ ሞተሯን ሳያጠፋ ነው ያያት። ሜዳ ላይ፣ በደንብ ከሞቀች በኋላ፣ ፍሬን ረግጦ ማርሹን በየቦታው አዙሮ ፒ ላይ መለሰውና መለኪያ ዘንጉን መዘዘ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡና መስሏል። አሽትቶ ወደ እኔ አዞረው። ያረረ ነገር ይሸታል።

"አቦ፣ መቼ ነው የተቀየረው?"

አላውቅም። እኔ ከገዛኋት ወዲህ አልተቀየረም።

"እንግዲያው አታነካኳት ባይ ነኝ። ሸራው አልቆ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ ያለው ብናኝ ነው ትንሽ ይዞ ያቆያት። አዲስ ዘይት ብናደርግላት ሊሻላት ይችላል፣ ጭራሽ ልትቆምም ትችላለች። አንቺው ወስኚ።" እስከዚያው ዳገት ላይ ኦቨርድራይቩን አጥፊው አለኝ፣ አራተኛ እየገባች እየወጣች እንዳትግል።

"አታነካኳት" ያለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። እሑድ ዕለት እማዬም ያለችኝ ይሄንኑ ነው። ድሬ ልውሰድሽ ስላት "እኔን አታነካኩኝ" አለችና ጀበናዋን አነሳች።

ባለፈው ወር ደረጃው ላይ ወድቃ ነበር። የሰማሁት ከጎረቤት ነው፣ እሷማ ትንፍሽ አላለችም። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። በመንገድ 50 ኪሎ ሜትር ቢበልጥ ትንሽ ነው። ለእማዬ ግን ሌላ አገር ነው። አንድ ግንቦት መጥታ እግሯን ሳፋ ውኃ ውስጥ ነክራ ነው ያደረችው፣ በሦስተኛው ቀን "መልሺኝ" አለች። እዚያ መድኃኔዓለም ሄዳ ትሳለማለች፣ ከሰዓት ጎረቤቶቿ ለቡና ይሰበሰባሉ፣ ልጆቹ ሮጠው ዳቦ ይገዙላታል። እዚህ እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ቀኑን ሙሉ ከቬንቲሌተር ጋር ልትውል ነው።

ግን ደግሞ ስልኳ ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሳ ሆዴ ይላወሳል። ሦስተኛው ላይ ታነሳና "ምን ሆነሻል? ቡና እያፈላሁ ነው" ትለኛለች። ድምፅዋ ደኅና ነው። ስልኩን ዘግቼ ደግሞ ያንን ደረጃ ማሰብ እጀምራለሁ።

ትናንት ሌሊት ጣሪያውን እያየሁ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፣ እስካሁን አልለቀቀኝም። ላምጣት የምለው ለእሷ ብዬ ነው ወይስ እኔን እንቅልፍ እንዲወስደኝ?