«ዝም በሉ»ን በእንግሊዝኛ ለማለት ስንት ጊዜ ፈጀብኝ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ስድስት ወሬ ነበር። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች የሚቆዩበት ቦታ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ክፍሉ በጩኸት ሲሞላ «ሻት አፕ!» አልኩ። ሁሉም ጭጭ አለ። የአንዲት ልጅ ዓይን እንባ አቀረረ። አንዱ ሮጦ ለአስተማሪዋ «መጥፎ ቃል ተናገረች» አላት።

እኔ «ዝም በሉ» ማለቴ ነበር፤ እናቴ በቀን አሥር ጊዜ የምትለንን። ሻት አፕ ግን ለ«አፍህን ዝጋ» ነው የሚቀርበው። ብዙ የአሜሪካ ልጆች እንደ ስድብ ነው የሚያውቁት። (ጓደኛሞች ሲገረሙ «ሻት አፕ!» ሲባባሉ ትሰማላችሁ። ያ «ኧረ ተይ!» እንደማለት ነው፣ ሌላ ነገር ነው።)

ከዚያ በኋላ አስተማሪዋን በጆሮዬ መከታተል ጀመርኩ። «ኢንሳይድ ቮይስስ፣ ፕሊስ» ትላለች፣ የቤት ውስጥ ድምፅ እንደማለት። ልጆቹ ሲንጫጩ «ሴትል ዳውን» (ረጋ በሉ) ትላለች። ሁሉም እንዲያዳምጣት ስትፈልግ ደግሞ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ አይስ ኦን ሚ!» ትላለች፣ ዓይናችሁ እኔ ላይ ይሁን እንደማለት። ልጆቹ «ዋን፣ ቱ፣ አይስ ኦን ዩ!» ብለው በአንድ ላይ ይመልሳሉ። ለመመለስ ሲሉ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። በጣም ወደድኩት።

የከበደኝ የአዋቂው ነው። በአማርኛ አክብሮቱ ግሱ ላይ አለ። «ትንሽ ቀስ ይበሉ» ካልኩ አንቱታው እዚያው ገብቷል። እንግሊዝኛ አንተንና እርስዎን አይለይም። ስለዚህ ፕሊስ ከጨመርኩበት የሚበቃ መስሎኝ ነበር። «ቢ ኳየት፣ ፕሊስ» ግን ፕሊስም ኖሮት ትእዛዝ ነው። እነሱ የሚያከብሩት በመጠየቅ ነው፦ «ኩድ ዩ ኪፕ ኢት ዳውን ኤ ሊትል?» (ድምፁን ትንሽ ቀነስ ማድረግ ይችላሉ?)

ከላያችን ያለው ጎረቤት ማታ ማታ ሙዚቃ ይከፍት ነበር። አንድ ቀን በሩን አንኳኳሁና «ሶሪ ቱ ቦዘር ዩ። ውድ ዩ ማይንድ ተርኒንግ ኢት ዳውን? ማይ ሀዝባንድ ወርክስ ኧርሊ» አልኩት። ባለቤቴ በጠዋት ሥራ ስለሚገባ ሙዚቃውን እንዲቀንስልኝ ነው። «ኖ፣ ኖት አት ኦል» አለኝ። እምቢ ያለኝ መስሎኝ ተናድጄ ተመለስኩ። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ሙዚቃው ቀነሰ። ለካ የጠየቅኩት «ቅር ይልሃል?» ብዬ ነው፤ እሱም «ኧረ ምንም» ነው ያለኝ። የባለቤቴን ሥራ ማንሳቴም ጠቅሞኛል። ምክንያቱን የሰማ ሰው ብዙም አይቆጣም።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ በአምትራክ ባቡር ወደ ኒውዮርክ ስሄድ ኳየት ካር ውስጥ ተቀመጥኩ። ስልክ ማውራት የማይፈቀድበት ፉርጎ ነው። አንዲት እናት በአማርኛ ጮክ ብለው ስልክ ያወራሉ። ከጎናቸው ያለው ሰውዬ ለስለስ ባለ ድምፅ «አይ ቲንክ ዚስ ኢዝ ዘ ኳየት ካር» አላቸው፣ ይሄ ኳየት ካር ይመስለኛል እንደማለት። «ኦኬ፣ ታንክ ዩ» ብለውት ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ጠጋ አልኩና «እትዬ፣ እዚህ ስልክ አይወራም» አልኳቸው። ደንግጠው ዘጉት።

«ታዲያ ልጄ፣ ሰውዬው ለምን አልነገረኝም?»

«ነግሮዎት ነበር እኮ፣ እትዬ።»