እንዳይቆም የለመንኩት

አየር ላይ ሆኜ ሁለት ነገር ተስዬ ነበር፤ ጃንጥላ ላስገባ፣ ለሰው ደግሞ ልመሰክር። ጃንጥላውን ጥር 7 ለደብረ ብርሃን ሥላሴ አስገብቻለሁ። ምስክርነቱ ግን ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። ዛሬ ልክፈል።

ታኅሣሥ ውስጥ ነው። እማዬ ልቧን ያማታል። የጎንደር ሐኪሞች ሪፈር ጽፈው ወደ አዲስ አበባ ላኳት። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተንገላታ የምትደርስ አልመሰለኝም። አንድ ወዳጄ በኪራይ በምትበር ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሁለት ቦታ አገኘልን። 19 መቀመጫ፣ በግራና በቀኝ ክንፏ አንዳንድ ፕሮፔለር ያላት ናት።

አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እንደደረስን ጭቅጭቅ ጀመርኩ። ሻንጣውንም እኛንም ሚዛን ላይ አወጡን። እማዬ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በርበሬና ሽሮ በማዳበሪያ ቋጥራለች። የሚመዝነው ልጅ አየት አደረገና “ይሄ ዛሬ አይሄድም፣ በሌላ ይላካል” አለ።

“ስድስት ወንበር ባዶ ነው እኮ! ለበርበሬ ቦታ ጠፋ?”

“ጋሼ፣ ቦታ ሞልቷል። ክብደት ነው።”

የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። እማዬ እጄን ቆንጥጣ ዝም አስባለችኝ።

ተነሣን። በደቡብ በኩል፣ ወደ ጣና አቅጣጫ። እኔ በግራ መስኮት ጥግ ነኝ፤ ፕሮፔለሩ ፊት ለፊቴ ነው። ጎማው ገብቶ ሲዘጋ ከእግሬ ሥር ተሰማኝ። ብዙም ሳይቆይ “ዱብ!” የሚል ድምፅ መጣ። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ ግራ ወርወር አደረገች። ሰው ሁሉ ጮኸ። የኛ ወገን ሞተር ጸጥ አለ። ፕሮፔለሩ ግን መዞሩን አልተወም። ነፋሱ ነበር የሚያዞረው፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ያኔ ትዝ ያለኝ መስከረም 1981 ባሕር ዳር ላይ የደረሰው ነው። ርግቦች ሁለቱንም ሞተር ገብተውበት የወደቀው አውሮፕላን። 35 ሰው ነው የሞተው። አእምሮ እንዲህ ባለ ሰዓት ከየት ቆፍሮ እንደሚያመጣው!

ዓይኔን ፕሮፔለሩ ላይ ተክዬ “ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ አደራ! ይሄ ነገር እንዳይቆም! ብቻ እንዳይቆም!” አልኩ። ጃንጥላውን የተሳልኩት እዚህ ላይ ነው። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ላይ የተሣሉት መላእክት ፊታቸው ተደርድሮ፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ታዩኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሴ ሲረዝምብኝ አንጋጥጬ የማያቸው እነሱን ነው።

ፓይለቶቹ ጋ የሚያስገባው በር ክፍት ነበር። እማዬ ወንበሯ መተላለፊያው ላይ ስለሆነ አሻግራ ታያቸዋለች። ሁለቱ አይጯጯሁም። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ልክ እንደ ቄስና ዲያቆን። አንዱ መሃል ካሉት ማንሻዎች አንዱን ያዘ። ግን ወዲያው አልሳበውም። ጓደኛው አይቶ፣ አረጋግጦ፣ የሆነ ቃል ተናገረ። ከዚያ ሳበው።

ፕሮፔለሩ ቆመ።

ምላጮቹ ስለታቸውን ወደ ፊት ሰጥተው ድርቅ አሉ። አንዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ቢጫ ቀለም፣ የተላጠችበትን ቦታ ሳይቀር አየሁ። “አለቀልን” አልኩ። ለመንኩ፣ አልተሰማሁም።

አውሮፕላኗ ግን ቀና አለች። በአንድ ሞተር፣ ቀስ እያለች፣ ሽቅብ። ቶሎ ተጠማዝዛም አልተመለሰች። ቀጥ ብላ ከፍታ ከያዘች በኋላ ሰፋ አድርጋ ዞረችና አዘዞ ላይ አሳረፉን። የእሳት አደጋ መኪናው ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ወርደን ሻይ ሲያቀርቡልን ካፒቴኑ መጣ። ገና ወጣት ነው። እማዬ ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳመችውና “የኔ ልጅ፣ እግርህን ምን ነካህ? ቀኝ እግርህ ሲንቀጠቀጥ አየሁት እኮ” አለችው።

ሳቀ። “እማማ፣ ግራው ሲጠፋ ቀኙ ብቻውን ይጎትታል፣ አፍንጫዋ ወደ ግራ ይሄዳል። በቀኝ እግሬ ረግጬ ነው ቀጥ አድርጌ የያዝኳት። ደክሞኝ ነው።”

እኔ ስለ ፕሮፔለሩ ጠየቅኩት። “መኪና ሲሄድ እጅህን በመስኮት አውጥተህ ታውቃለህ?” አለኝ። “መዳፍህን ብትዘረጋው ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በጠርዙ ብታዞረው ነፋሱን ይሰነጥቃል። ሞተር ጠፍቶ ፕሮፔለሩ ዝም ብሎ ቢዞር እንደተዘረጋ መዳፍ ነው፣ ይጎትተናል። እዚህ ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። እሱን ካላቆምነው መውጣት አንችልም ነበር። ክብደቱንም የምንቀንሰው ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢከዳን በቀረው እንድንወጣ።”

ማንሻውን ለምን ወዲያው እንዳልሳቡትም ጠየቅኩ። “የተሳሳተውን እንዳንስብ” አለኝ። በኋላ ሳነብ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ታይዋን ውስጥ እንዲሁ ገና ሲነሣ አንድ ሞተር የከዳው አውሮፕላን ነበር። ጤነኛውን በስህተት አጥፍተውት 43 ሰው አለቀ።

ሻዩን መጠጣት አቃተኝ። እንዳይቆም ብዬ በስለት የለመንኩት ነገር ቢሰማልኝ ኖሮ፣ ይህን የሚጽፍ አይኖርም ነበር። እግዚአብሔር የጸሎቴን ቃል ትቶ ልቤን ሰማ እላለሁ።

እማዬን “አንቺስ ምን ብለሽ ጸለይሽ?” አልኳት።

“አባታችን ሆይ ደገምኩ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ ምን አለ?”

ይሄኔ ያ መዛኙ ልጅ ማዳበሪያውን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ፊቴን የት ላድርገው? ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ። ማዳበሪያውን እዚያው ፈትታ በርበሬውን በፌስታል ትሰፍርለት ጀመር። “እናት አለህ፣ የኔ ጌታ?” እያለች።