ፍሬኑን አየሁት

ዛሬ ጠዋት ሁለት የደም ቱቦዎች መጡልኝ። ቱቦ ላይ ስም አይጻፍም፤ ያለው የምስጢር ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ሳነበው ግን ክው አልኩ። አውቀዋለሁ። ከሦስት ወር በፊት ደሙን ያበላሸሁበት ሰው ነው። መጨረሻው ላይ የተጨመረችው «2» ብቻ ናት አዲስ።

የዚያን ቀን የሆነውን እስካሁን ጽፌው አላውቅም።

ሥራዬ ከሰው ደም ነጭ የደም ሴሎችን ለይቶ ማውጣት ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ቀይ ሴሎች አሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ነጮቹ በአብዛኛው ከ4,000 እስከ 11,000 ቢሆኑ ነው። እንግዲህ ከብዙ መቶ ቀዮች መሀል አንዷን ነጭ ፍለጋ ነው። አንድ በአንድ መልቀም የማይታሰብ ስለሆነ፣ መለያየቱን ለስበትና ቱቦዎችን በፍጥነት ለሚያሽከረክረው ማሽን፣ ለሴንትሪፊዩጅ እንተወዋለን።

ዘዴው ፊኮል በሚባል፣ ከስኳር በተሠራ ነገር ላይ የቆመ ነው። አርነ ቦዩም የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሥራ የመጣ ነው፤ ዛሬም እጃችን ላይ ያለው እሱ ነው። ፈሳሹ በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም ይመዝናል። ይህች ቁጥር ሁሉንም ነገር ትወስናለች። ከዚያ የሚከብደው ሰንጥቆት ይወርዳል፣ የሚቀለው ላዩ ላይ ይቀራል። ቀዮቹ ፊኮሉን ሲነኩ እርስ በርስ ይጣበቁና ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ ሴሎች ከላይ ይቀራሉ።

ኒውትሮፊል የሚባሉት ሌሎቹ ነጮችስ? እነሱም ከቀዮቹ ጋር ይወርዳሉ። ይህን ሁልጊዜ ለአዳዲስ ልጆች እነግራቸዋለሁ። «ነጭ የደም ሴል አወጣን» እንላለን እንጂ፣ ከነጮቹ ገሚሱና ከዚያም በላይ የሚሆኑት ኒውትሮፊሎች ታች ነው የቀሩት። ሁሉንም ነጮች የሚፈልግ ሰው ቀዮቹን በአሞኒየም ክሎራይድ ያፈነዳቸዋል። እሱ ሌላ መንገድ ነው።

የዚያን ቀን ደሙን በእኩል መጠን ጨዋማ ውሃ አቅጥኜ ፊኮሉ ላይ ደረብኩት። ንብርብሩ አምሮ ነበር። ቱቦዎቹን አስገባሁ፣ 400 ጂ (የስበትን 400 እጥፍ ኃይል)፣ 30 ደቂቃ ብዬ ክዳኑን ዘጋሁ። ፍሬኑን ግን አላየሁትም። ከእኔ በፊት ማሽኑ ላይ ሌላ ሥራ ተሠርቶበት ስለነበር ፍሬኑ እንደተያዘ ነበር። ለዚህ ሥራ ደግሞ ማሽኑ ያለ ፍሬን፣ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው መቆም ያለበት። በድንገት ከቆመ ውስጡ ያለው ይናወጣል።

ክዳኑን ስከፍት ያ የምጠብቀው ቀለበት የለም። ከላይ እስከ ታች ሐምራዊ ጉም ብቻ። የቻልኩትን ሰብስቤ፣ አጥቤ፣ በአዲስ ፊኮል ላይ ደግሜ ሞከርኩ። ጥቂት ሴሎች አገኘሁ፤ ለታሰበው ምርመራ ግን የሚበቁ አልነበሩም።

ደም እንደገና ይቀዳል ትሉኝ ይሆናል። ይህኛው አይቀዳም። የተቀዳው ሰውየው ሕክምና ሊጀምር ሲል ነበር፤ ከዚያን ዕለት ከሰዓት ጀምሮ መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ነው። ከመድኃኒቱ በፊት የነበሩት ሴሎች ከእንግዲህ የትም አይገኙም።

ለአለቃዬ ሄጄ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፣ አይዞሽም አላለችኝም። «መዝገቡ ላይ እንደሆነው አድርገሽ ጻፊው» አለችኝ። ጻፍኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዛሬ ፊኮሉን ቀድሜ ከፍሪጅ አወጣሁት። ከቀዘቀዘ ሴሎቹ በደንብ አይለያዩም። 16 ሚሊ ሊትሩን ደም አቅጥኜ ለሁለት ቱቦ ከፈልኩ። ቱቦውን አጋድሜ፣ የፒፔቱን (የመምጠጫ ቱቦውን) ጫፍ ግድግዳው ላይ አስጠግቼ ደሙን ለቀቅኩት። ቶሎ ልጨርስ ያለ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ደሙ በመስታወት ላይ እንደሚወርድ የዝናብ ውሃ ቀጭን መስመር ሠርቶ ይንሸራተትና ፊኮሉ ላይ ይተኛል። ከላይ ቀይ፣ ከታች ጥርት ያለ፣ መሀላቸው በምላጭ የተቆረጠ የመሰለ ድንበር።

ፍሬኑን አየሁት። ዜሮ። ክዳኑን ከዘጋሁ በኋላም ደግሜ አየሁት።

30 ደቂቃው አልቆ ማሽኑ እስኪቆም እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። ስከፍተው ከላይ ቢጫው ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል)፣ ከታች ጥቁር ቀይ፣ መሀል ላይ ደግሞ ወተት ላይ እንደሚይዝ ስልባቦት የመሰለች ስስ ነጭ ቀለበት። ስንት ዓመት አይቻታለሁ፤ ዛሬ ግን ዝም ብዬ ተመለከትኳት። የሰውየው ሰውነት ከበሽታው ጋር የሚታገልባቸው ሴሎች እዚያች ውስጥ ናቸው።

ፒፔቱን ቀለበቷ ላይ በዝግታ እያዞርኩ ሰበሰብኳት። ፊኮል አብሮ እንዳይመጣ፣ ፕላዝማም እንዳይበዛ፤ ፕላዝማው ፕላትሌት የሚባሉትን ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሴሎች ይዞ ይመጣል። ሁለት ጊዜ አጠብኩ፤ ሁለተኛውን ፕላትሌቶቹ ላይ እንዲቀሩ በቀስታ አሽከረከርኩት። ከዚያ ትሪፓን ብሉ የሚባል ቀለም ጨምሬ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁ። የሞተች ሴል ቀለሙን ትጠጣና ሰማያዊ ትሆናለች። በሕይወት ያለችው አታስገባውም፤ ክብ ሆና፣ ጠርዟ እያበራ ትታያለች። በመቁጠሪያው መስታወት አራት ካሬዎች 240 የሚያበሩ ቆጠርኩ፤ ሰማያዊዎቹ 6 ብቻ። ለጠቅላላው መጠን አባዝቼ ሳሰላው 24 ሚሊዮን ሆነ። ላመን ስላልቻልኩ እንደገና ቆጠርኩ።

ሴሎቹን ቅዝቃዜው እንዳይጎዳቸው በሚከላከል 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ አድርጌ ለሦስት ብልቃጥ አካፈልኩት፤ ለእያንዳንዱ 8 ሚሊዮን። በደቂቃ አንድ ዲግሪ እየቀነሰ በሚያቀዘቅዘው ዕቃ ከትቼ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩት። ነገ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይሄዳል።

የቦታውን ቁጥር ልመዘግብ የናይትሮጅኑን የመደርደሪያ ዝርዝር ከፈትኩ። ለ«2» ሦስት ቦታ ያዝኩ። ከላዩ ያለው የ«1» ረድፍ ባዶ ነው።