የጣለው ብሬከር

አውሮፕላኑ ሊነሳ 40 ደቂቃ ሲቀረው ዋና አስተናጋጇ ለእኔ ለጥገና ባለሙያው ሎግ ቡኩን፣ የጉድለት መመዝገቢያውን፣ ከፍታ አሳየችኝ። በመጣበት በረራ ላይ በግራ በኩል ያለው የመቀመጫ ረድፍ ስክሪን በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠፍቷል። መስመሩን ከኤሌክትሪክ የሚቆርጠው ብሬከር ጥሏል፤ የበረራ ሠራተኞቹም አልመለሱትም። ደግ አደረጉ። አየር ላይ የጣለ ብሬከር ለበረራው ደኅንነት የግድ ካላስፈለገ አይነካም።

የሽፍቱ ኃላፊ ተከትሎኝ ገባ። ሰዓቱን አየና፣ «መልሰውና ተመልከት። ከያዘ ፈርምለትና ይሂድ» አለኝ።

«ቢይዝም የሚነግረኝ ነገር የለም» አልኩት። «ገመዱን ሳላይ አልመልሰውም።»

«ፊልም ማሳያ እኮ ነው! ሞተር አይደለም።»

እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ ይቺ ንግግር ናት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሥራውንም ከእኔ በፊት የሚያውቅ ነው። ግን ለሞተር ስንት ጠቋሚ፣ ስንት የማንቂያ ደወል ተሠርቶለታል። ከመቀመጫ ሥር ተጎንብሶ የሚያልፈው ገመድ ደወል የለውም። ተሳፋሪ ሻንጣውን በእግሩ ሲገፋ ይነካዋል፣ መጠጥ ይደፋበታል፣ መቀመጫ ሲነቀልና ሲተከል ይጨፈለቃል።

የተለመደው ብሬከር የሚጥለው ከመጠን ያለፈ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያሞቀው ነው። ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ብረት እየነካ ብልጭ ቢል፣ ብልጭታው ከማጠሩ የተነሳ ብሬከሩ ሳይሰማው ሊያልፍ ይችላል። ሽቦው ጫፍ ላይ ግን ያ ቅጽበት መዳብ ለማቅለጥ ይበቃል። ስለዚህ «ያዘ» ማለት «ደኅና ነው» ማለት አይደለም። ይህንን ቆሜ አስረዳሁት። እሱ ሰዓቱን ያያል።

የስዊስኤር በረራ 111ንም አነሳሁበት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 ከኒው ዮርክ ወደ ጄኔቭ ይበር የነበረው ኤምዲ-11 ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አጠገብ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ 229 ሰው አልቋል። አብራሪዎቹ እንግዳ ሽታ ከሸተታቸው እስከ መጨረሻው 21 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። የካናዳ መርማሪዎች ከአራት ዓመት በላይ ለፍተው፣ ከኮክፒቱ ጣሪያ በላይ ብልጭታ ከተገኘባቸው ሽቦዎች መካከል የመዝናኛው ሥርዓት ሽቦ እንዳለበት አሳወቁ፤ እሳቱን ያስፋፋው ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠለው የሙቀትና የድምፅ መከለያው ሽፋን ነበር። የካቢኑን ኤሌክትሪክ የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ የመዝናኛውን መስመር አያጠፋም ነበር። ያም ፊልም ማሳያ ነበር።

«እሱ የድሮ ነው» አለኝ። እውነት አለው፤ ከዚያ ወዲህ መከለያውም የገጠማው ደንብም ተቀይሯል። ሽቦ ግን ዛሬም ይላጣል።

መቀመጫዎቹን አንስቶ ገመዱን ለመከተል ጊዜ አልነበረም። ብሬከሩን እንደወጣ ቆለፍኩት፣ መለያ አሰርኩበት፣ ጉድለቱን በደንቡ መሠረት ለሚቀጥለው ጣቢያ አስተላለፍኩት። ያለ ስክሪን መብረር ይፈቀዳል። ለአስተናጋጇ «ግራው አይሠራም» ብዬ ወረድኩ።

አውሮፕላኑ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ኃላፊው ጠራኝና ስልኩን ዘረጋልኝ። አንድ ተሳፋሪ ጥቁሩን ስክሪን ፎቶ አንስታ ልካለች፤ ሕፃን ልጇን ይዛ ረጅም ሌሊት እንደሚጠብቃት ጽፋለች። የዋይፋዩ መስመር ሌላ ስለሆነ እኔ የቆለፍኩት አልነካውም። ሥራ ስጀምር ቅሬታ የሚመጣው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ፣ በወረቀት ነበር። የሷ ቃል ግን ከአውሮፕላኑ ጀርባ ላይ ካለው አንቴና ተነስቶ፣ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችውን ሳተላይት ነክቶ፣ በሩብ ሴኮንድ ገደማ መሬት ወርዷል። አሁን በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የሚዞሩትን ሳተላይቶች የሚጠቀሙ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል።

ለኃላፊው አልተቆጣሁም፤ ለሴትየዋ አዘንኩ። ስክሪኑ ለምን እንደጠፋ የነገራት የለም። አስተናጋጇ የምታውቀው እኔ የሰጠኋትን ሁለት ቃል ብቻ ነው። «ገመዱ እስኪፈተሽ ለጥንቃቄ ዘግተነዋል» ለማለት ምን ጊዜ ይወስድብኝ ነበር? ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ስዘጋ ምክንያቱን ለተሳፋሪ በሚነገርበት ቋንቋ ጽፌ ለአስተናጋጆቹ እሰጣለሁ።

በማግስቱ የሚቀጥለው ጣቢያ መልስ መጣ፤ «ተፈትሿል፣ ጉድለት አልተገኘም፣ ብሬከሩ ተመልሶ ይሠራል»። ኃላፊው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው፤ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አልመለስኩም። ወረቀቱ መቀመጫ ስለመነሳቱ አይናገርም።

አውሮፕላኑ ተመልሶ ሌሊት ሲያድር ፈቃድ ጠይቄ ገባሁ። የወለሉን ሽፋን አንስቼ ገመዱን በባትሪ ብርሃን ከፊት እስከ ኋላ ተከተልኩት። የተላጠ የለም፣ የጠቆረ የለም፣ የተጨፈለቀ የለም። ሽፋኑን መልሼ ገጥሜ ፈረምኩ። ብሬከሩ ለምን እንደጣለ እስካሁን አልታወቀም። ያ አውሮፕላን በእኔ ሽፍት በመጣ ቁጥር ሌላ ሥራ ሳልጀምር መጀመሪያ የማየው እሱን ብሬከር ነው።