ሎዝ የተጠቀለለበት ሒሳቤ

አቦ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ምስጢር የሚያወጣው ሰው ብቻ ይመስላችኋል? ሎዝም ያወጣል። ልንገራችሁ።

ስልኬ ላይ የገቢና ወጪ መመዝገቢያ መተግበሪያ ነበረኝ። ለዓመታት ደመወዝ ስቀበል፣ ኪራይ ስከፍል፣ ዕቁብ ስጥል፣ ለሰው ሳበድር፣ ለባጃጅ የከፈልኳት ሳትቀር እዚያ ላይ አሰፍራለሁ። ከቁጥሩ ጎን ማስታወሻ የሚጻፍባት ትንሽ ቦታ አለች። ጉዱ ያለው እሷ ላይ ነው። ማንም አያየኝም ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን ይጽፋል? «ባለ ሽርጡ ወሰደ፣ እርሳው።» «የሠርግ ስጦታ፣ ሥጋው ግን አልበሰለም ነበር።» «ዕቁብ፣ ሰብሳቢው ራሱ አርፍዶ መጥቶ እኛን ቀጣ።» እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አንድ ቀን መተግበሪያው አገልግሎቱን ሊያቆም መሆኑን ነገረኝ፤ መረጃህን አውጣ አለኝ። አልተናደድኩም። ለትልልቆቹም ደርሷል፤ አሜሪካኖቹ በብዛት ይጠቀሙበት የነበረው ሚንት እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል፣ ማይክሮሶፍት መኒ ደግሞ ቀድሞ በ2009 መሸጥ አቁሟል። የመረጃ ማውጫውን ስነካው የፋይል ዓይነት ምርጫ ሰጠኝ፦ ኪውአይኤፍ፣ ኦኤፍኤክስ፣ ሲኤስቪ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሒሳብ ፕሮግራሞች መረጃ እርስ በርስ የሚቀባበሉባቸው ናቸው። ሲኤስቪ ግን ተራ ጽሑፍ ነው። አንድ ረድፍ አንድ ወጪ፣ በየመካከሉ ኮማ፣ አለቀ። ማንኛውም ኮምፒውተር ይከፍተዋል ስለተባለ እሱን መረጥኩ። መክፈቱንማ ከፈተው።

ቤቴ ኮምፒውተር የለም። ወረቀት ደግሞ አገልግሎት አያቋርጥም ብዬ ፋይሉን በቴሌግራም ይዤ ከዚራ ወዳለ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሄድኩ፤ ላሳትመው። ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ነው። ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ አናት ላይ ነች፣ ሱቁ ሊዘጋ ነው፣ ወንዱ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሽርጡን ታጥቆ ጋደም ሊል ነው። የኮፒ ቤቱ ልጅ አንድ ዐይኑ ስክሪኑ ላይ፣ አንድ ዐይኑ በሩ ላይ።

ፋይሉን በኤክሴል ከፈተው። ቁጥሩ አለ። አማርኛው የለም። በምትኩ ጭረት፣ ነጠብጣብ፣ ጭንቅላቱ ላይ ምልክት የተደፋበት የፈረንጅ ፊደል ተደርድሯል። መታወቂያ ኮፒ ለማስደረግ የቆሙ አንድ አባት በትከሻዬ አጮልቀው አዩና «ፈረንሳይኛ ነው» አሉ በሙሉ እምነት። «የባቡሩ ወረቀት ሁሉ እንዲህ ነበር።»

ልጁ ግን ሙያውን ያውቃል። ዘጋው። ባዶ ገጽ ከፈተ፣ ዳታ የሚለው ውስጥ ገብቶ ፋይሉን በዚያ በኩል አስገባው፣ የፊደሉን ኮድ ዩቲኤፍ-8 አደረገው። አማርኛዬ እንዳለ ተመለሰ። ፋይሉ ድሮም ደህና ነበር፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ኮድ እያነበበው ኖሮ ነው። አባትም እንደገና አጮልቀው «እንዲህ ነው እንጂ፣ አሁን ተነበበ» አሉ። ጦሱ የመጣው ከመነበቡ ነው።

ሌሎች ትናንሽ ጉዶችም ነበሩ። የስልክ ቁጥሮች መጀመሪያቸው ላይ ያለችውን ዜሮ ጥለዋታል። 13 አኃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥሬ አጥሮ «1 ነጥብ ምናምን፣ ኢ፣ ሲደመር 12» ሆኗል። «ኢው ምንድነው?» ስለው ልጁ ቀና ሳይል «ኢትዮጵያ» አለኝ። ሰዓቱ ስለሄደበት ነው መሰለኝ።

«አትምልኝ» አልኩት።

አተመ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ነው። ሠንጠረዡ ከወረቀቱ ይሰፋል። ስለዚህ ማተሚያው መጀመሪያ ቀኑን፣ ሒሳቡን፣ የወጪውን ዓይነትና የብሩን መጠን ከላይ እስከ ታች አውርዶ ጨረሰ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ወረቀቱ ያልበቃውን የመጨረሻ ዓምድ ለብቻው እንደ አዲስ ማውረድ ጀመረ። የመጨረሻው ዓምድ ማስታወሻው ነው። ያለ ቀን፣ ያለ ሒሳብ፣ የዓመታት ሐሜቴ ብቻውን፣ በጥርት ያለ አማርኛ፣ ትኩስ ትኩሱን ከማተሚያው ወጣ።

ኮማውም አለ። መተግበሪያው ሺሕን በኮማ ይለያል፤ 1,500 ብሎ ይጽፋል። ሲኤስቪ ደግሞ ኮማ ሲያይ አዲስ ዓምድ ይጀምራል። ቁጥሩን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ቢያስቀምጠው ሰላም ነበር፣ አላስቀመጠውም። ስለዚህ 1 ብር በመጠኑ ዓምድ ቀረች፣ 500ው ወደሚቀጥለው ተሻገረ፣ ማስታወሻውም አንድ ቤት ተገፋ። በሁለተኛው ክምር ላይ ከሺሕ በላይ የሆነ ሒሳብ ሁሉ «500 ባለ ሽርጡ ወሰደ፣ እርሳው» የሚል መልክ ያዘ ማለት ነው። የሚገርመው ማስታወሻዎቼ በነጠላ ሰረዝ የተሞሉ ናቸው፣ ግን የእኛዋ ሰረዝ ለኮምፒውተሩ ኮማ ስላልሆነች አንዲት ዓምድ አልሰበረችም። በአገር ምርት እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ልጁ አየና «ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ተወው» አለኝ። ኮማዎቹን አስተካክሎ፣ ወረቀቱን አጋድሞ፣ ስፋቱን ባንድ ገጽ ልክ አድርጎ እንደገና አተመ። ሁለተኛው አማረ። ከፈልኩና ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። የተበላሸው የመጀመሪያው ህትመት ሁሉ ጠረጴዛ ሥር ካለው ካርቶን ገባ። ካርቶኑ ሲሞላ የት እንደሚሄድ ማን ይጠይቃል?

ሎዝ ሻጮች ጋ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ የመጣው የግቢያችን ጎረቤት ነው። በርጫ ላይ ሎዝ ገዝተው፣ በልተው ሲጨርሱ መጠቅለያውን ዘርግቶ ሲያነብ «የግቢ ውኃ ፓምፕ መዋጮ፣ ግማሹ ቤት አልከፈለም፣ የሚታጠበው ግን ሁሉም ነው» ይላል። «ይሄ የእኛ ግቢ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ስል አወቀ። ከዚያማ ሰፈሩ ሎዝ የሚገዛው ለንባብ ሆነ። ሻጯ በዚያ ሳምንት ስሜን እየጠራች ስትመርቀኝ ነበር ተባልኩ።

የባለ ሽርጡ ነገር የባሰ ነው። ስም አልጻፍኩም፣ ባለ ሽርጡ ብቻ ነው ያልኩት። ከሰዓት በኋላ ድሬ ውስጥ ሽርጥ ያልታጠቀ ወንድ አሳዩኝ! አንዱ መጥቶ «እኔ ካንተ ተበድሬ አላውቅም፣ ለምን ትጽፈኛለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ሌላው ምንም ሳይል አንድ ቀን ሙሉ ሱሪ ለብሶ ዋለ። እውነተኛው ባለ ሽርጥ ግን የሎዝ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጣጥፎ ይዞ መጣና 500 ብር ቆጠረልኝ።

«ሺሕ ብሩስ?» አልኩት።

«የቱ ሺሕ? ራስህ የጻፍከው ነው፣ አንብበው። በዚያ ላይ ‹እርሳው› ብለሃል፣ እኔ ግን ወላሂ አልረሳሁም።»

ቤት ገብቼ ሁለተኛውን ህትመት፣ 1,500 የሚለውን አምጥቼ አሳየሁት። አየው፣ መለሰልኝ። «ይሄኛው አንተ ቤት የነበረ ወረቀት ነው አቦ» አለኝ። «የእኔን ግን ሕዝብ አይቶታል።» እንግዲህ በምን አፌ ልከራከር?

የዕቁቡ ሰብሳቢ ቀጣኝ። እሱን እለፉት።

ባለቤቴ መጨረሻ ላይ መጣች። ሎዝ ይዛ ነው የገባችው፣ ሎዙን ለልጆቹ ሰጥታ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ በመዳፏ እያለሰለሰች ተቀመጠች። አዲሱን ጫማዬን ታውቀዋለች። የገዛሁት በ3,200 ነው። ማስታወሻው ላይ የጻፍኩት ደግሞ «ጫማ፣ ለቤት 600 በል» ነው። አሁን ኮማዋን አስታውሱ። 3ቷ ብር ወደ ሌላ ገጽ ሄዳለች። እሷ ጉልበት ላይ ያለው «200 ጫማ፣ ለቤት 600 በል» ይላል።

«በ200 ገዝተህ 600 አልከኝ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ዳኛ ረጋ ብሎ። «400ዋ የት ገባች?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ከሠራሁት ባነሰ ተከሰስኩ። አይ፣ በ3,200 ነው የገዛሁት ብል ምን እንደሚከተል አሰብኩት። ኪሴ ገብቼ 400 ብር አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀብላ ቆጠረች፣ ከወረቀቱ ጋር አብራ ጠቀለለችው። ተገላገልኩ ብዬ ስነሳ፣ ጫማውን ከበር ሥር አንሥታ ገለበጠችው፣ ሶሉን ጫን ጫን አድርጋ አየች።

«ግን እቃው አሪፍ ነው» አለች። «በ200 ከሆነ ለእኔም ለወንድሜም ከዚያው ሱቅ ግዛ። እናቴም በዓል ላይ ትፈልጋለች።»

ትናንት ታይዋን ገበያን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳረስኩት። 200 ብር ያልኩት ነጋዴ «የአንዱን እግር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ዋጋ ደህና የሴት ጫማ ያያችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ቁጥሯ 38 ነው፣ የእናቷን ገና አልጠየቅኩም።